የቀዩ ማሽን ዘጠነኛ ሕግ

ባለፈው ሳምንት አትላስ አካባቢ የመኪናዬ ጎማ ተነፈሰና እየተንፏቀቅኩ አንድ ጎሚስታ በር ላይ ደረስኩ። ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ መሬት ላይ አጋደመውና ነፋስ መግቢያው ላይ ያለውን ቫልቭ ነቀለው፤ ነፋሱ ትሽሽሽ እያለ ፊቴ ላይ ወጣ። የጎማ ውስጥ ነፋስ የራሱ ሽታ አለው፤ የታፈነ፣ ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የከረመ ቁም ሣጥን ዓይነት። የሳሙና ውሃ ሲቀላቀልበት ደግሞ ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ነው። እዚያው እንደቆምኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጎሚስታው ለጎማዬ የማለቅስ መስሎት «አይዞሽ እህቴ፣ ሚስማር ነው፤ ይለጠፋል» አለኝ።

አባባ ይመር የእናቴ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ወሎ ሰፈር ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ በር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲፈቱ ኖረዋል። እኔና እናቴ ከጎሚስታው ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከእሳቸው ጋር እንኖር ነበር። እናቴ ዘይነብ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንግዲህ ውሎዬ ከአባባ ጋር ነው። ሥራዬም አንድ ነበር፤ እናቴ ሠርታ ያስቀመጠችውን ምሳ አሙቄ ለአባባ ማብላት። ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው አባባን ለማያውቅ ሰው ነው። አንዴ ጎማ ከያዙ ምሳው እንደተከደነ ይውላል። «አባባ ይብሉ እንጂ» ስላቸው «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ። አይመጡም።

አምስተኛ ክፍል ልገባ የነበርኩበት ክረምት ነው። ከዚያ በፊት አባባ ጎማን ከቸርኬው፣ ማለትም ጎማው ከሚለብሰው የብረት ክብ፣ የሚያላቅቁት በሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመዶሻና በተረከዛቸው ነበር። ጎማው ላይ ወጥተው ሲረግጡት ጭፈራ ይመስለኛል፤ ደንበኛ ከሌለ እኔም አብሬ እዘላለሁ። ማታ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሰማለሁ፤ ግን ማቃሰታቸውን ከጭፈራው ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ሐምሌ ሲገባ አጎቴ ሰዒድ ማሽን ይዞ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ በሁለት ሳምንት፣ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። የዚያን ቀን አራት ሰው አስከትሎ፣ በጆንያ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ነገር እያስጎተተ ነው የገባው። ጆንያው ሲገፈፍ ውስጡ ያለው ነገር ቀይ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ክንድ አለው፤ የክንዱ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ አፍ የቆለመመ ብረት። መሃሉ ላይ አራት ጥፍሮች ያሏት ክብ ጠረጴዛ፣ ጎኑ ላይ አካፋ የመሰለ ብረት፣ እግሩ ሥር ደግሞ ሦስት ፔዳሎች። አንደኛው ፔዳል አካፋውን እየገፋ ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቃል። ሁለተኛው ጥፍሮቹን ቸርኬው ላይ ያጣብቃል፤ ሲደግሙት ይለቃል። ሦስተኛው ጠረጴዛዋን ያሽከረክራል። የሚሠራው በነፋስ ስለሆነ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር እፎይ ይላል። እኔ ደክሞት መስሎኝ ለብዙ ቀን አዝንለት ነበር።

አባባ ዞረው ዞረው አዩት። ዳሰሱት። ዓይናቸው የልጅ ዓይን ሆነ።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ አይደለም» አለ አጎቴ። «ወጣት ልጅ አገኝበታለሁ። እርስዎ አሁን ይረፉ።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጎረቤታችን ሽማግሌ «ዐረፉ» ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ፣ ድንኳን ሲተከል አይቻለሁ። አጎቴ አባባን በገዛ ቤታቸው ቆሞ ይሙቱ የሚላቸው መሰለኝ። አባባ ደግሞ ምንም አልተቆጡም፤ ትከሻቸው ላይ ያለችውን ፎጣ አስተካከሉና «ሰዒድ፣ ክረምቱን ስጠኝ» አሉት።

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ልማርበት። መስከረም ሲጠባ ካልቻልኩ ልጁን አምጣ።»

አጎቴ እናቴን አየ። እናቴ መሬት አየች። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን እጅዎ ላይ አንድ ጉዳት ካየሁ አለቀ፤ ሁለተኛ አጠገቡ አይደርሱም።»

«ካየህ አንተ አትድከም፤ እኔው ራሴ እወጣለሁ» አሉት።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ዱዓ ተደረገ። ቴምር ተበላ። አባባ ሁለት እጃቸውን ማሽኑ ፊት ዘርግተው «ጣት ሳይበላ እንጀራ የሚያበላ ያድርግልን» ሲሉ ሁሉም «አሚን» አለ። እኔ ግን አሚን ማለት አቃተኝ። ጣት የሚበላ ማሽን እቤታችን እንዳስገባን ያወቅኩት ገና ያኔ ነው።

ከማሽኑ ጋር አንድ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት መጥቶ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፉ አሥር ሕጎች ናቸው። አባባ ማንበብ አይችሉም፤ ቁርአንን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። አጎቴ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝና «ሐያት፣ አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ለአባባ ታነቢያለሽ። አደራ!» ብሎ ወደ ጂቡቲው ሄደ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከጎማ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሽፋኗ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ በቀን አንድ ሕግ ለአባባ አነብላቸዋለሁ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ቁርአን ቤት ደረሳ ይሰማሉ። አንድ ሕግ ከያዙ በኋላ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ በመቁጠሪያቸው እንደሚያደርጉት፣ ከፊተኞቹ ጋር አብረው ይደግሙታል።

የመጀመሪያዎቹ ሕጎች አባባን ልብሳቸውን አስወለቁ። የተንዘረፈፈ ልብስ አይለበስም ይላል፤ ሽርጣቸውን ትተው አጎቴ ያመጣላቸውን ሰማያዊ ቱታ ለበሱ። ፎጣዋም ወረደች። ቀለበት አይደረግም ይላል፤ የሴት አያቴን የብር ቀለበት በሳሙና ውሃ እያንሸራተቱ አወጧትና «በይ አንቺ ያዢያት፤ ይህ ማሽን ቅናተኛ ነው» አሉኝ። ዓይን ይሸፈን ስለሚል ከማሽኑ ጋር የመጣውን መነጽር ሲያጠልቁ ጋሽ ታደሰ አይቶ በሳቅ መሬት ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

ጋሽ ታደሰ የቦሌ ታክሲ ሾፌር ነው። ያቺ ሰማያዊ በነጭ ሚኒባሱ ጎማዋ በሳምንት አንዴ ካልተነፈሰ ይከፋታል። «ጋሽ ይመር፣ ሙሽራ መሰሉ'ኮ! ሙሽሪት የት አለች?» አለ።

«ያቻትልህ፣ ቀይዋ» አሉት ማሽኑን በአገጫቸው እያሳዩ።

በአዲሱ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማ ሊፈቱ ሲሉ ማን ጎማውን ይስጥ? ሰው ሁሉ ቸርኬውን እንዳይጭሩበት ፈራ። ጋሽ ታደሰ ነው «በእኔ ይማሩ፤ የኔ ቸርኬ ከዚህ በላይ የሚጫርበት ቦታ የለውም» ብሎ ጎማውን ያንከባለለው። አባባ ጎማውን አጋድመው ቫልቩን ነቀሉና ጆሮአቸውን አስጠጉ። ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ እንዳይነካ የሚል ሕግ አለ። እኔም አብሬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁ፤ ከጠፋ በኋላም ደግሞ ጠበቁ። በአካፋው ጎማውን ፊቱንም ጀርባውንም አላቀቁ፤ ጠረጴዛዋ ላይ አውጥተው በጥፍሮቹ አስያዙት፤ ክንዱን አወረዱና የወፍ አፏ ቸርኬውን እንዳትነካ የጥፍር ያህል ክፍተት ተዉላት። ጠርዙን በሳሙና ውሃ ቀቡት። ብረታቸውን ሽጉጥ አድርገው ጠረጴዛዋ እንድትዞር ፔዳሉን ሲረግጡ፣ ድሮ ግማሽ ሰዓት የሚያስጨፍራቸው ጎማ አንድ ዙር ዞሮ እንደ ካልሲ ወለቀ።

አባባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ጀርባቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ። ተከትዬ ስገባ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው። መነጽሩ ስለሸፈናቸው ያላባቸው መሰለኝና ሄጄ መስተዋቱን በቀሚሴ ጠረግኩላቸው።

ጎማው ሲሞላ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ነፋስ ሲነፋ ላዩ ላይ አይቆምም፤ ክንድ እስኪዘረጋ ተርቆ ነው፤ የነፋስ መለኪያውም ከተጻፈው ቁጥር አያልፍም። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ «ጧ!» ይላል። በዚያ ድምፅ መጀመሪያ ሰሞን መንገደኛ ይደነግጥ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ ለመደው። እኔ ግን «ጧ» እስኪል ከጎማ ክምሩ ጀርባ ጆሮዬን ይዤ መቀመጥ አልተውኩም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ስምንቱን ሕጎች እንደ ምንም አንብቤያቸዋለሁ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ረጅም ነው፤ መዝገበ ቃላቷ ደግሞ የመጨረሻ ገጾቿ የሉም። ግማሹን ባውቅ ግማሹ ጠፋኝ። አባባ በርጩማቸው ላይ ሆነው ጣታቸውን ዘጠነኛው አንጓ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። «እ? ዘጠኝስ ምን ይላል?» አሉ። አላወቅኩትም ማለት ሞት ሆነብኝ። በጓዳው በር ሳማትር ምሳቸው እንደተከደነ አየሁት። ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ዘጠኝ» አልኩ ጣቴን ወረቀቱ ላይ እየነዳሁ፣ «በማሽኑ የሚሠራ ሰው ምሳውን በሰባት ሰዓት ይብላ ይላል።»

አባባ አሰቡበት። «ልክ ነው» አሉ። «የራበው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። የፈረንጅ ብልሃት!» ወዲያው ተነሥተው፣ ታጥበው በሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተንኮሌ የሠመረልኝ ጊዜ የለም። ማታ ለእናቴ «ዛሬ አባባ በሉ» ስላት ግንባሬን ሳመችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሳህኔን ይዤ በሩ ላይ እቆምና «ዘጠነኛ!» ብዬ እጮሃለሁ። በሐምሌ አባባ ሥራ አቁመው ይመጡ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አደረገው፤ በየቦታው ከሚሠራው ሕንጻ የወደቀው ሚስማር ሁሉ ጎማ ውስጥ ገባ። በራችን ላይ መኪና ተሰለፈ። «ሰው አቁሞ አይበላም፤ ሕጉም አይጣስም» አሉና መላውን ራሳቸው አገኙት። እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ አጎርሳለሁ። እጃቸው ቅባት ስለሆነ እኔ ሹሮውን በእንጀራ እጠቀልላለሁ፤ አንገታቸውን ዘወር አድርገው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ይጎርሳሉ። ደንበኛው ሁሉ ያየናል፣ ይመርቀናል። «አያቷን የምታጎርስ ልጅ ይስጠን» ያለችኝ ሴት ነበረች። እኔም ከቁመቴ በላይ ረዘምኩ።

ነገሩ የሆነ ቀን ፍልሰታ ስለነበረ ጋሽ ታደሰ እየጾመ ነው፤ ነጠላውን እንደለበሰ ከበሩ ቆሞ ጎማውን ይጠብቃል። አባባ ጎማውን ጠረጴዛዋ ላይ አውጥተው በግራ እጃቸው ቸርኬውን እያስተካከሉ፣ እግራቸውን ጥፍሮቹን በሚያጣብቀው ፔዳል ላይ አሳርፈዋል። ገና አልረገጡም። እኔ ቃሪያ ያለበት ትልቅ ጉርሻ አጎረስኳቸው። ጎረሱና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

«አባባ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አልኩ ሁለተኛውን ይዤ።

አፋቸው ገና ሙሉ ነው። በዓይናቸው ቆይ አሉኝ። እኔ ግን በጥፍሬ ቆሜ ጉርሻውን ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? እኔን ላለማስቀየም ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ሲጎነበሱ ሰውነታቸው በሙሉ ያንን እግራቸውን ተጫነው። ማሽኑ እፎይ አለ።

አባባ አልጮሁም። አፋቸው እስከ ጉንጫቸው በእኔ ጉርሻ ተሞልቷል፤ ቢፈልጉም መጮህ አይችሉም። ፊታቸው ቀላ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እኔ ቃሪያው ያቃጠላቸው መሰለኝ። ሳህኔን ጥዬ ውሃ ላመጣ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ውሃ ይዤ ስመለስ አባባ ፔዳሉን ደግመው ረግጠው ጣታቸውን አላቀዋል፤ ጋሽ ታደሰ ከኋላ ደግፏቸው እጃቸውን በነጠላው ይጠቀልላል። ነጠላው ላይ የማየው ነገር ወጥ አይደለም። እኔ አሁንም ብርጭቆውን ዘርግቼ «አባባ፣ ይጠጡ» እላለሁ።

ጋሽ ታደሰ ክሊኒክ ወሰዳቸው። የመሃል ጣታቸው ጫፍ ተሰፋ፤ ጥፍሩ ወለቀ። አይቆረጥም አሉ ሐኪሞቹ፣ አልሐምዱሊላህ። ማታ እናቴ እጃቸውን ይዛ ስታለቅስ እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«አንድም አልጣስኩም፣ ዘይነብ» ይሏታል አባባ። ድምፃቸው እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። «ቱታዬን ለብሻለሁ። ቀለበቴን አውልቄያለሁ። ነፋሱን አስወጥቻለሁ። ምሳዬን እንኳ በሰዓቱ እየበላሁ ነበር። አሥሩንም ጠብቄ ነው የሆነው። እንግዲህ ሌላ ምን ይባላል? እግሬ ከድቶኛል። እርጅና ነው። ሰዒድ ልክ ነበር።»

በነጋታው ቱታውን አጥበው፣ አጥፈው ማሽኑ ላይ አስቀመጡት። ጎሚስታውን አልከፈቱም። በርጩማቸውን በር ላይ አውጥተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መኪና እየመጣ ሲመለስ ዝም ብለው ያያሉ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ።

እኔ እህል አልወርድ አለኝ። ዘጠነኛው ሕግ ከሆዴ እንደወጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሥነ ዜጋ መጽሐፋችን ሕግ የሚያወጣው ፓርላማ ነው ይላል፤ ያለ ሥልጣኔ ሕግ ስላወጣሁ የሚያስሩኝ ይመስለኝ ነበር። ፖሊስ በበራችን ባለፈ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ። ይህን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። አንድ ነገር ግን አሁንም አያስቀኝም፤ አያቴ የገዛ እግራቸውን ሲጠረጥሩ እያየሁ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እናቴ እቤት እያለች አጎቴ ሰዒድ ከጂቡቲ ገባ። እጃቸውን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እንግዲህ አባባ፣ ተነጋግረናል» አለ ቀስ ብሎ።

«ተነጋግረናል» አሉ። «ልጁን አምጣ።»

«ሰኞ አመጣዋለሁ።»

«ዘጠነኛው የእኔ ነው!» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ አባባን ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ የነበረው ጋሽ ታደሰ ሳይቀር ዞረ። «ስለ ምሳ የሚለው… ወረቀቱ ላይ የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ማንበብ አቅቶኝ ነው።»

አጎቴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነቀለና ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። እንግሊዝኛውን ወደብ ላይ ነው የለቃቀመው፤ በጣቱ እየተከተለ፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እያለ አነበበው። ከዚያ በአማርኛ ተናገረ። «ዘጠኝ። ማሽኑ ላይ ወደሚሠራ ሰው ማንም እንዳይጠጋ፣ እንዳያናግረው፣ ሐሳቡን እንዳይሰርቀው።»

አባባ ከበርጩማው ተነሡ። በሕይወቴ ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። «ዓይኔን ነው የሰጠሁሽ» አሉ። «ሰው ዓይኑን ለሰው ይሰጣል? እኔ ሰጠሁሽ። አላወቅኩትም ብትዪኝ ምን ነበረበት? አላውቅም ያለን ሰው ማን ይመታዋል?»

ማልቀስ ስጀምር አጎቴ ጣልቃ ሊገባ አፉን ከፈተ፤ አባባ በፋሻ በታሰረው እጃቸው ዝም አሰኙት።

«ለምን ምሳ አልሽ? ስንት ነገር እያለ?»

«ስለማይበሉ ነው።»

«ብትለምኚኝ አልበላም?»

«ለምኛለሁ። ሁልጊዜ እለምናለሁ። መጣሁ ይላሉ፣ አይመጡም።»

አባባ ወደ እናቴ ዞሩ፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «እውነቷን ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ወረቀት ሲያዘኝ እሰማለሁ፤ ልጅ ስትለምነኝ አልሰማም።» መጥተው በደህናው እጃቸው ራሴን ወደ ሆዳቸው አስጠጉት። ቱታ ስላልለበሱ ሆዳቸው ሳሙና ብቻ ይሸታል።

በዚህ መሃል ነው አንዲት ሴት በቤት መኪና ጎማዋ መሬት ነክቶ የመጣችው። ኤርፖርት እናቷን ልትቀበል ነው፤ ሰዓት የላትም፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አጎቴ «ዝግ ነው» ሊል ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወውና እጅጌውን ሰበሰበ። የከባድ መኪና ጎማ በየበረሃው ሲፈታ ስለኖረ ይህ ለሱ ምንም አልመሰለውም። ጎማውን ፈትቶ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረውና እግሩን ወደ ፔዳሉ ሰደደ።

«ቁም!» አሉ አባባ።

የወሎ ሰፈር መንገድ የሰማቸው ይመስለኛል። አጎቴ እግሩን አየር ላይ እንዳለ አቆመው።

«ነፋሱ መች ወጣ? አውርደው። ቫልቩን ንቀል። ሰዓትህን አውልቅ፤ ያንን ጃኬት ጣል። መነጽሩን አድርግ። ሐያት፣ አንቺ ወደዚያ! ታደሰ፣ አንተም፣ ከበሩ ውጪ። ዘይነብ፣ ሴትዮዋን ይዘሻት ውጪ።»

ሁላችንም ወጣን። አጎቴ ሰዓቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ መነጽሩን አጠለቀ። አባባ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ በፋሻ የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ነፋሱ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁ። በአካፋው ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን አስላቀቁት። ጎማው ተመልሶ ጠረጴዛዋ ላይ ወጣ። ያ የእሳቸውን ጣት ያስያዘው ፔዳል ላይ ሲደርሱ አባባ የታሰረ ጣታቸውን አዩ። አዲስ ሕግ እያወጡ መሆናቸው የገባኝ በኋላ ነው።

«እጅህን አሳየኝ» አሉት።

አጎቴ አንድ እጁን አነሣ።

«ሁለቱንም።»

ያ ጢማም፣ ግዙፍ፣ ተሳቢ የሚነዳ ሰውዬ ሁለት እጁን እንደ ሕፃን ወደ ላይ ዘረጋ። ጋሽ ታደሰ ከበሩ ውጪ ሊስቅ ሲል እናቴ በክርኗ ጎሸመችው።

«ሰኞ ለሚመጣውም ልጅ እንዲህ ነው?» አለ አጎቴ እጁን ሳያወርድ።

«ለማንም እንዲህ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጁን ሳላይ ማንም አይረግጥም።»

አጎቴ አባቱን ብዙ አያቸው። ከዚያ እጆቹን ወደ ላይ እንደዘረጋ እግሩን አንሥቶ ከፔዳሉ በላይ ያዘና «ልርገጥ አባባ?» ብሎ ጠበቀ።